ምንጣፉን ወደድኩት፤ መለያው ላይ ግን የሠሪዎቹ ስም የለም

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ካለ አንድ የሱፍ ምንጣፍ ሱቅ የገዛሁት፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ምንጣፍ ነው። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ፣ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡኒና ግራጫ አለበት። አንዱም ቀለም አልተነከረም፤ በጉ ላይ እንደበቀለ ነው የተፈተለው። ንድፉ ካሬና መስመር ነው። አንዱ ካሬ ውስጥ የጀመረው መስመር ወደ ቀጣዩ ሲገባ ቀለሙን ቀይሮ ይቀጥላል፣ ከዚያ ይቆምና ሌላ ቦታ ላይ ድንገት ብቅ ይላል። ከተነጠፈ ጀምሮ ቤቴ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ ሳያነሳው አይሄድም።

የሱቁን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ከታች የማነሳው ጉድለት የእነሱ ብቻ አይደለም፣ ባየኋቸው ሱቆች ሁሉ ያለ ነው።

ጥራቱ ላይ የምከራከርበት የለኝም። ምንጣፍ ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ፊቱ አምሮ ጀርባው የተዝረከረከ ከሆነ ዓመት አይቆይም። የዚህኛው ጀርባ እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው። ማጉ ጠበቅ ተደርጎ ተመትቷል፣ ጠርዙም በደንብ ተቋጥሯል። ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ አይንሸራተትም፣ ልጆች ለሚሯሯጡበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር መቆም ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ምንጣፉ ያንን ብርድ ይቆርጠዋል። ሌላው ያልጠበቅኩት ነገር ድምፁ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ማስተጋባት ጠፋ፣ ስልክ ስናወራ ቃላችን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መመላለሱን ተወ።

መጀመሪያ አካባቢ ፀጉር ይረግፋል፣ እየቆየ ይተዋል። እርጥበት ሲነካው የበግ ሽታ አለው፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይጠፋል። ባና ተከናንቦ ላደገ ሰው ይሄ ሽታ ችግር ሊሆን አይችልም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ሙቅ ውኃ ሱፍን ያኮማትረዋል።

አሁን ወደ መለያው ልምጣ።

ጥግ ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች። «ባውሃውስ ዲዛይን፣ ደብረ ብርሃን» ትላለች። በቃ። ባውሃውስ ጀርመን አገር የነበረ የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ሻጩን ንድፉ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ጨዋ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ግሮፒየስ የሚባል የጀርመን አርክቴክት ነው የሠራው» አለኝና ንድፉ የተወሰደበትን ፎቶ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ፎቶው ላይ ያለው ግን የባውሃውስ ሸማኔ የነበረችው የጉንታ ሽቶልዝል የግድግዳ ጨርቅ ነው። ግሮፒየስ አንዲት ክር አልነካበትም።

ልጁን አልወቅሰውም፣ የነገሩትን ነው የነገረኝ። ግን ሰው ባውሃውስን የወንዶች ትምህርት ቤት አድርጎ ሲያስብ በጣም ይቆጨኛል። ቫልተር ግሮፒየስ ትምህርት ቤቱን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ቫይማር ከተማ ነው። በ1925 ወደ ደሳው ሄደ፣ በ1932 ወደ በርሊን፣ በ1933 ደግሞ በናዚዎች ጫና ተዘጋ። ሲከፈት ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ተብሎ ታወጀ። ሴቶቹም ቃሉን አምነው መጡ፣ ያውም ከወንዶቹ በማያንስ ቁጥር። ይሄኔ ኃላፊዎቹ ደነገጡ። ብዙም ሳይቆይ የሴቶች ቅበላ እንዲጠብቅ፣ የገቡትም አብዛኞቹ ወደ ሽመና ክፍል እንዲሄዱ ተደረገ። ብረት፣ እንጨትና ሕንፃ ለወንዶቹ፣ ክር ለሴቶቹ።

ሽቶልዝል በ1897 ሙኒክ የተወለደች፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቀይ መስቀል ነርስነት ያገለገለች ሴት ናት። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ገባች። የሽመና ክፍሉ የበላይ ሆኖ የተመደበው ሰው ሰዓሊ እንጂ ሸማኔ አልነበረም፤ ሴቶቹ ሙያውን በአብዛኛው ራሳቸው እየሞከሩ፣ አንዷ ሌላዋን እያስተማረች ነው የተማሩት። በ1922 ከቤኒታ ኦተ ጋር ክሬፌልድ ወደምትባል ከተማ ሄደው ክር ማቅለም ተማሩ፣ ተመልሰውም ክፍሉ ውስጥ አስተማሩ። በ1927 ክፍሉን በይፋ ተረከበችው። ደመወዟም የሥራ ውሏም ከወንዶቹ መምህራን ያነሰ ነበር። እሷ ግን ያንን ክፍል ለፋብሪካ የሚሆን ናሙና የሚወጣበት፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙ ከሚሸጥላቸው ክፍሎች አንዱ አደረገችው። በ1931 በጫና ለቀቀች፣ ስዊዘርላንድ ገብታ ዙሪክ ውስጥ የእጅ ሽመና ቤት ከፈተች፣ እስከ 1983 ድረስም ኖረች። በ1921 ከማርሴል ብሮየር ጋር የሠሩት «አፍሪካዊ ወንበር» የሚባል አለ። እንጨቱ የእሱ፣ ጨርቁ የእሷ ነው። የወንበር ነገር ሲነሳ ብሮየርን የማያውቅ ዲዛይነር የለም፤ ስለ እሷ ስትጠይቁ ግን ዝም ይሏችኋል።

ስለ ማስተጋባቱ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አኒ አልበርስ የመስታወት ሥራ መማር ፈልጋ ሽመና ክፍል የገባች ተማሪ ናት። ለመመረቂያዋ በርናው በምትባል የጀርመን ከተማ ለሚገኝ የሠራተኛ ማኅበራት ትምህርት ቤት አዳራሽ የግድግዳ ጨርቅ ሠራች። በአንድ በኩል ድምፅ የሚውጥ፣ በሌላ በኩል ብርሃን የሚያንጸባርቅ፣ ውስጡ ሴሎፋን የገባበት ጨርቅ ነው። ይሄ ማስዋቢያ አይደለም፣ ምሕንድስና ነው። በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደች። በ1949 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዋን ለብቻው አሳየ፤ ከዚያ በፊት ይህን ዕድል ያገኘ የጨርቅ ባለሙያ አልነበረም።

ኦቲ በርገር ደግሞ አለች፣ የእኔ ትልቅ ሐዘን። መስማት ይቸግራት ነበር። ጨርቅን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት መረዳት እንደሚያስፈልግ አጥብቃ የምታምን ሸማኔ ናት። ለፈጠረችው ጨርቅ በራሷ ስም የፈጠራ መብት አስመዝግባለች፤ ስሟ ከሥራዋ እንዳይለይ የታገለች ሴት ናት። የታመመች እናቷን ለማየት ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ መውጣት አልቻለችም፣ በ1944 ኦሽዊትዝ በሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ውስጥ ተገደለች።

ከክሩ ውጭም እንደዚያው ነው። ዛሬ የደሳውን ሕንፃ የምናውቅባቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ የሉሲያ ሞሆይ ናቸው፤ ስትሰደድ ጥላቸው የሄደችውን የመስታወት ኔጌቲቮች ግሮፒየስ ለዓመታት ስሟን ሳይጠቅስ ተጠቀመባቸው። ከፊሉን ያስመለሰችው በጠበቃ ነው። ማሪያነ ብራንት ብረታ ብረት ክፍል በ1924 ስትገባ አሰልቺውን ሥራ እየሰጡ ሊያስወጧት ሞከሩ፣ እሷ ግን ቆይታ ክፍሉን መርታዋለች።

ይህን ሁሉ ለሻጩ በአጭሩ ነገርኩት። ደስ ብሎት ሰማኝ፣ የሽቶልዝልንም ስም በእጁ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ዞር ስል ግድግዳው ላይ የሸማኔው ትልቅ ፎቶ ከነስሙ ተሰቅሎ አየሁ። ይገባዋል፣ በጣም ይገባዋል፤ ሸማኔ በአገራችን ስንት ዘመን የተናቀ ባለሙያ ነው። የፈታዮቹ ፎቶ ግን የለም። ስማቸውም የለም።

በእኛ አካባቢ መወርወሪያው የወንድ ነው፣ እንዝርቱ የሴት። ባውሃውስ ላይ የሽመና ዕቃው ለሴቶቹ የተሰጠው እንደ ትንሽ ሥራ ስለታየ ነው። እዚህ ሽመናው የወንድ ሆኖ ስሙ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፣ ትንሽ ሥራ የሚባለው ደግሞ ፈትሉ ሆነ። ፀጉሩ ተሸልቶ ሲመጣ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው፣ ቆሻሻውን የሚለቅሙት፣ የሚፈለቅቁት፣ ከዚያም እንዝርት እያሾሩ የሚፈትሉት እነሱ። አንድ ሸማኔ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ የብዙ ሴቶች እጅ ያስፈልጋል። ምንጣፉ ጥብቅ ይሁን ልል፣ ይሰንብት ይበጣጠስ፣ ግማሹ የሚወሰነው ገና ድሩ ሳይዘረጋ ነው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ፈትላቸውን በፌስታል ይዘው ገቡ። ሻጩ ሚዛን ላይ አድርጎ መዘነ፣ ገንዘባቸውን ቆጠረላቸው። «እማማ፣ የእርስዎ ፈትል የትኛው ምንጣፍ ላይ እንዳለ ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ የራሴን ክር ልስተው?» አሉኝና ወደ አንዱ ሄደው ጥቁሩን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይቺ የኔ ናት። ይቺ ቡኒዋ ደግሞ የጎረቤቴ። እሷ ስትፈትል ታጠብቃለች።» ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ቀና ብዬ ኦቲ በርገር ይህን ብትሰማ ብዬ አሰብኩ።

የእኚህን እናት ስም እዚህ አልጽፍም። መጻፍ ያለበት ሱቁ ነው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ መለያው ላይ። ከባድ ነገር አይደለም። ፈትሉ ሲመዘን የማን እንደሆነ ይመዘገባል፣ ክፍያ አለዋ! ያው ስም ወደ መለያው ይሻገር ነው የምለው። ንድፉ ላይም «ባውሃውስ» ብሎ ከማለፍ «ከጉንታ ሽቶልዝል ሥራ የተወሰደ» ይባል። ከዚያ ደግሞ የራሳችንን ንድፍ ለምን አይሞክሩም? መንዝ ውስጥ በጥቁርና በነጭ ብቻ የሚሠራው የባና ጥለት ከየትኛውም የጀርመን ጨርቅ ጎን ቢቀመጥ አያፍርም።

ለምንጣፉ ከአምስት አምስት ሰጥቻለሁ፣ ለአገልግሎቱ አራት፣ ለመለያው አንድ። ዋጋው ከፋብሪካ ምንጣፍ ይወደዳል፤ በእጅ የተፈተለ መሆኑን ሳስበው ግን አልበዛብኝም። በልካችሁ ማዘዝ ይቻላል፣ ቀብድ ይቀበላሉ። ክረምት ላይ ፀጉሩ ታጥቦ ቶሎ ስለማይደርቅ ይዘገያል ብለውኛል፣ ስለዚህ ከመስከረም በኋላ እዘዙ። ስታዝዙ የፈታዮቹም ስም ይጻፍልን በሉ። ሻጩ ገዢ ከጠየቀ እናደርገዋለን ብሎኛል፣ እኔም ለእናቴ ያዘዝኩት ሁለተኛው ምንጣፍ ላይ እንዲጻፍ ነግሬዋለሁ።