ለጣና ፊልም፦ ክብ ስክሪን ወይስ ጉልላት?

ጣናን ለመዝናኛ ፓርክ በዙሪያ ስክሪን ቅረጹልን ብንባል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው ክብ አዳራሽ ነው። ያኔ ስክሪኖቹ 11 ነበሩ፣ በኋላ 9 ሆኑ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው በምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክተር በሁለት ስክሪኖች መካከል ባለው ክፍተት ተቀምጦ ከፊት ለፊቱ ያለውን ስክሪን ያበራል። ተመልካቹ መሐል ቆሞ ይዞራል። ሁለተኛው ጉልላት ነው። በጣም ሰፊ እይታ ባለው አንድ ሌንስ ይቀረጻል፣ ሰውም ወንበሩ ላይ ጋለል ብሎ ወደ ላይ ያያል።

ለጢስ ዓባይ ጉልላቱን እመርጣለሁ። 45 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ፏፏቴ ቀረብ ብለን ከቀረጽነው ክቡ ስክሪን አናቱን ይቆርጠዋል።

ሐይቁ ግን ሌላ ነው። ደሴቱ፣ ታንኳው፣ ከኋላ ባሕር ዳር፣ ሁሉም ዓይን ትይዩ ነው። ጉልላት ውስጥ አብዛኛው ሰማይ ይሆናል። ክቡ ላይ ግን ሰው ዞር ባለ ቁጥር አዲስ ነገር ያገኛል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ክቡን የምለው ለዚህ ነው፤ ጣና ይቀድማል! ችግሩ የቅርብ ነገር ነው። ክቡ የሚቀረጸው በክብ በተደረደሩ ብዙ ካሜራዎች ስለሆነ፣ ታንኳ አጠገባቸው ከመጣ ምስሉ የሁለት ስክሪኖች መጋጠሚያ ላይ ይሰበራል። ካሜራዎቹ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያዩ ባለሙያውም መደበቂያ የለውም።

በጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ያለችው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችስ? ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ስለሆነ ለክብ ፊልም የተመቸ ይመስላል። ሥዕሎቹ ያሉት ግን በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። መሐሉ ካህናት ብቻ የሚገቡበት ነውና ካሜራ አይቆምበትም። ቢፈቀድልን፣ ለዚያ ተራ ካሜራ ይበቃል።