ትምህርቱ ግሩም፣ ገንዘቡ ግን ዘገየ

ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ነኝ። በአንድ ዓለም አቀፍ ፌሎሺፕ (ለባለሙያዎች በሚሰጥ የሥልጠና ዕድል) ስድስት ወር ውጭ ቆይቼ ተመልሻለሁ። ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። እንደ አሜሪካው ሃምፍሬይ ፌሎሺፕ ሁሉ ዲግሪ አይሰጥም፤ መሥሪያ ቤት አስገብቶ በጀት ሲያዝ፣ ሪፖርት ሲጻፍ ያሳያል። ለእኛ የሚያስፈልገንም ይሄው ነው።

ገንዘቡ ግን አስለቀሰኝ። የኪስ ገንዘቡ ሰባት ሳምንት ዘገየ። ከፋዩ ሌላ፣ አስተባባሪው ሌላ ነው። አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል። ቤት ኪራዩን የከፈለችልኝ እህቴ ናት፣ ጎንደር አራዳ ካለው ሱቋ! ለቪዛም ከጎንደር አዘዞ ተነስቼ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ በራሴ ወጪ ተመላልሻለሁ።

የምታመለክቱ ወንድም እህቶቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ በማን በኩል፣ በስንተኛው ቀን እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ጠይቁ። ለቪዛ ጉዞ ማን እንደሚከፍልም ጭምር።