ኤክስፒ በገዳይ፣ በእኩል ወይስ በምዕራፍ? የሚያዋጣው የቱ ነው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ የዲ ኤንድ ዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ) ቡድን ሲጀምር ጥያቄው አንድ ነው፦ ጭራቅ ሲገደል የሚገኘው የልምድ ነጥብ (ኤክስፒ) እንዴት ይካፈል? እኩል ይካፈል።

ለዚህ ብላችሁ ብር አታውጡ። የአምስተኛው እትም ነጻ የሕግ ሰነድ፣ ቁጥር 5.1፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ይገኛል። 403 ገጹን ሁሉ ማሳተም ብክነት ነው፤ የሌቭሉ (ገጸ ባሕርዩ በነጥብ የሚያድግበት ደረጃ) ሰንጠረዥ ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል፣ የጭራቆቹ ነጥብ ከስልክ ይነበባል። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ግን አትግዙ። 2,700 ደብዝዞ 2,100 ይመስልና ቡድኑ ያለጊዜው አራተኛ ሌቭል ይገባል። ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ሌቭል ለመድረስ የሚያስፈልጉት ትክክለኛዎቹ ነጥቦች 300፣ 900፣ 2,700 እና 6,500 ናቸው። በእጅ ጻፏቸው፣ ምንም አያስወጣም።

አሁን ስድስት ጎብሊን የሚባሉ ትናንሽ ጭራቆች በአራት ተጫዋች ተገደሉ እንበል። አንዱ 50 ነጥብ ነው፣ ድምሩ 300። በገዳይ ከሆነ አራት የጣለው ባለ ሰይፍ 200 ይወስዳል፣ ሁለቱ 50፣ 50፣ ቁስለኛ ሲያነሳ የዋለው ፈዋሽ ባዶ እጁን ይቀራል። በሚቀጥለው ውጊያ ፈዋሹም ማከሙን ትቶ ዱላ ያነሳል፤ ቡድኑ የሚያልቀው ያኔ ነው። በደቦ አጨዳ እኮ ውሃ ያቀረበውም ከማዕዱ እኩል ይቀርባል። በእኩል ሲሆን ለሁሉም 75።

እዚህ ላይ ብዙ አጫዋች (ጨዋታውን የሚመራው) የሚሳሳተው ስሌት አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሕግ ከ3 እስከ 6 ጭራቅ ሲሆን ነጥቡን በ2 ማባዛት የውጊያውን ክብደት ለመለካት ብቻ ነው። 600ውን ካካፈላችሁ ለእያንዳንዱ 150 ይደርስና በአራት ውጊያ የሚደረስበት ሁለተኛ ሌቭል በሁለት ያልቃል።

በምዕራፍ ማሳደግ፣ ማለትም የታሪኩ አንድ ክፍል ሲፈጸም ሁሉንም ሌቭል መጨመር፣ ስሌት የለውም፣ ለቸኮለ ይሆናል። ሌቭሉ የሚመጣው የቱ ሲፈጸም እንደሆነ አጫዋቹ አስቀድሞ ካልተናገረ ግን ቅሬታ አይቀርም።

ለበዓል ሞጣ ወይም ቢቸና ቤተሰብ ጋ የሄደ ተጫዋችስ? ለአራት ማካፈሉን ቀጥሉ፣ የእሱም 75 ይጻፍለት። በመዝገቡ ላይ ለቡድኑ አንድ ቁጥር ብቻ ይኑር።

ነጥቡ አስቀድሞ ከተዘባረቀ፣ ለምሳሌ 1,150፣ 900፣ 600 እና 350 ከሆነ፣ አማካዩን አትውሰዱ። 750 ይመጣና ሦስተኛ ሌቭል የደረሱት ሁለቱ ወደ ሁለተኛ ይወርዳሉ። ሁሉንም ወደ 1,150 አንሡና ከዚያ በእኩል ቀጥሉ።