«የዕድሜ ልክ ዙም» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

4,500 ብር ተበልቻለሁ። ለአንዳንዱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ የአንድ ተማሪ የወር ክፍያ ነው። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

አዲስ አበባ ሆኜ ቨርጂኒያ ያሉ ስድስት ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእነሱ ከጠዋቱ 4። (ጥቅምት መገባደጃ ላይ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የ7 ሰዓቱ ልዩነት 8 ይሆናል። አምና ይህን ረስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ስክሪን ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ።) ስጀምር ነፃውን ዙም (በቪዲዮ መሰብሰቢያውን አፕ) ነበር የምጠቀመው። ነፃው 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆረጣል። «ሀ ሁ»ን ጨርሰን «ለ ሉ» ላይ ስንደርስ ድርግም!

ታዲያ ለምን አትከፍይም ትሉኝ ይሆናል። በምን? የብር ካርዴ ውጭ አገር አይሠራም፣ የዶላር ካርድ የለኝም። እንደ እኔ ያለው ብዙ ነው፤ ነጋዴዎቹም ይህችን ቀዳዳ አሳምረው ያውቋታል።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አየሁት። «ዙም ፕሮ፣ ዕድሜ ልክ፣ በቴሌብር ይክፈሉ፣ በ10 ደቂቃ ይረከቡ።» ከሥሩ የደንበኞች የምስጋና ስክሪንሾት ተደርድሯል። ዕድሜ ልክ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጻፍኩለት።

«እህቴ፣ አንዴ ትከፍያለሽ፣ እስክትሞቺ ያንቺ ነው» አለኝ።

እኔ አለሁ። አካውንቱ ነው የሞተው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሒሳብ መሥራት ነበረብኝ። ዙም የዕድሜ ልክ ብሎ የሚሸጠው ነገር የለውም። ክፍያው በወር ወይም በዓመት ነው። ፕሮ የሚባለው የሚከፈልበት ዙም በዓመት ሲከፈል ከ150 ዶላር በላይ ነው፤ በዛሬ ምንዛሪ ከ20 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። የአንድ ዓመቱን እንኳ በ4,500 ብር የሚሸጥልኝ ሰው ከየት አምጥቶ ነው? ግን ደስ ሲልህ ሒሳብ ማን ይሠራል!

የተላከልኝ አንድ ኢሜይል፣ አንድ ፓስወርድ እና «ፕሮ የሆነው ዙም» የተባለ የኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ስቶር ውጭ በእጅ የሚጫን የአንድሮይድ አፕ) ነው። ኢሜይሉ የእኔ አይደለም፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የማይታወቅ አድራሻ ነው። ፋይሉን ልጭን ስል ስልኬ አስጠነቀቀኝና ተውኩት። እግዜር ይስጠው! በኋላ ሳስበው ፋይሉ ራሱ ውሸቱን ይናገር ነበር። ፕሮ የሚሆነው አካውንቱ እንጂ አፑ አይደለም። አፑ ለከፋዩም ለነፃውም አንድ ነው፤ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከዙም ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል።

ሁለት ቅዳሜ እንደ ልብ አስተማርኩ። ለጎረቤትም አወራሁ፤ አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ትምህርቱ በ20 ደቂቃው ተቋረጠ። ሆስቱ (ስብሰባውን የከፈተው ሰው) ስብሰባውን ዘግቶታል ይላል። ሆስቱ እኮ እኔ ነኝ! መልሼ ልከፍት ስል በዚህ አካውንት ሌላ ስብሰባ እየተካሄደ ነው አለኝ። ኔትወርክ መስሎኝ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። ያው እንደ ልማዳችን።

በአራተኛው ሳምንት ልጆቹ «መ»ን እየጻፉ ሳለ ኮትና ክራቫት ያደረጉ አንድ ጎልማሳ ሰው ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ስድስቱ ልጆች ዝም። እኔም ዝም።

«ይቅርታ፣ የኮሚቴው ስብሰባ እዚህ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ እዚህ የአማርኛ ክፍል ነው» አልኳቸው። በትሕትና ተሰናብተው ወጡ። ስልካቸውን ተቀብዬ ስለነበር ማታ ደወልኩላቸው። እሳቸውም ከዚያው የቴሌግራም ልጅ ገዝተዋል። ያውም በ6,000 ብር።

አሠራሩ ያኔ ገባኝ። ልጁ አንዱን አካውንት ስንት ሰው ላይ እንደሸጠው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። እንዲህ ባለ አካውንት በአንድ ጊዜ የሚካሄደው አንድ ስብሰባ ነው። ሌላው ገዢ የራሱን ሲከፍት ዙም የቀድሞውን ልዝጋው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ምን አውቆ፣ እሺ ይላል። የእኔ ክፍል ይጠፋል። እያንዳንዱ አካውንት ደግሞ የራሱ የሆነ አንድ የግል የስብሰባ ቁጥር አለው። እኔም ጋሼም በዚያው ቁጥር ሰው እንጠራ ነበር። ሰውየው የገቡት በራሳቸው ሊንክ ነው፤ ጥፋት የለባቸውም።

አሁን ወዳንገበገበኝ ነገር ልምጣ። ለቀሩ ልጆች ብዬ ትምህርቱን ሪከርድ አደርግ ነበር፤ ቪዲዮው የሚቀመጠው ክላውድ ላይ፣ ማለትም ስልኬ ላይ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ በአካውንቱ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ማታ የሪከርዶቹን ዝርዝር ከፈትኩ። የእኔ ሦስት ቪዲዮ አለ። ከእሱ በላይና በታች የማላውቃቸው ሰዎች ቪዲዮ አለ፤ አንዱ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። አልከፈትኩትም። ግን የእነሱ ለእኔ ከታየኝ የእኔ ለእነሱ ይታያል ማለት ነው። የስድስት ሕፃናት ፊት፣ ስም ከነአባት፣ የቤታቸው ሳሎን። ወላጆቻቸው አምነው የሰጡኝ ልጆች ናቸው።

ወዲያው አጠፋኋቸው። የጠፋ ሪከርድ መጣያ ውስጥ 30 ቀን እንደሚቆይ ያወቅሁት ሰኞ ነው። ሰኞ ልገባ ስል ፓስወርዱ ተቀይሯል።

ለሻጩ ጻፍኩ። «እህቴ፣ ሰርቨር እየታደሰ ነው» አለ። በማግስቱ «የማደሻ 1,500 ጨምሪ» አለ። የልጆቹን ቪዲዮ ብቻ አጥፋልኝ፣ ብሩን ተወው አልኩት። ብሎክ አደረገኝ። ለእያንዳንዱ ወላጅ ደውዬ እውነቱን ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከእንዲህ ዓይነት ሰው የገዛችሁ ካላችሁ፣ ፓስወርዱ ገና እየሠራ ሳለ ግቡ። ሪከርዶቻችሁን አጥፉ፣ ከዚያ መጣያውንም ባዶ አድርጉ። አሮጌውን ሊንክ ማንም እንዳይጠቀም ለሰዎቻችሁ ንገሩ።

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለማንም አትክፈሉ። ሰው የጠራችሁ ስብሰባ ላይ ለመግባት ሊንኩን መንካት ነው፣ በቃ። ጠሪዎቹ እናንተ ከሆናችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ነፃ አካውንት ክፈቱ፤ እስከ 100 ሰው ይይዛል። 40 ደቂቃው ሲሞላ ቀድማችሁ ቀጠሮ ባስያዛችሁበት ሊንክ ሁላችሁም ተመልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ። ጂሜይል ካላችሁ ጎግል ሚት አለላችሁ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ እስከ 24 ሰዓት ነው፤ አንድ ለአንድ ለሚያስተምር ከበቂ በላይ ነው። የግድ መክፈል ካለባችሁ ውጭ ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ይክፈልላችሁ፣ አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል የተከፈተ ይሁን። የመጠበቂያ ክፍሉንም አብሩት፤ ማን እንደሚገባ እናንተ ትወስናላችሁ።

እኔ ወደ ነፃው ተመልሻለሁ። ትምህርቱን 35 ደቂቃ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ አይሰማም፤ የአንድ ሰዓቱ ነገር የእኔ ጉጉት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ተማሪዬ እንደገባች ስክሪኑን ዙሪያውን ቃኘችው።

«ቲቸር፣ ያ ክራቫት ያለው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም?» አለችኝ።