የካርቡሬተር ማደሻ ስብስብና የስፖንጅ ማጣሪያ፦ በአሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ላይ የተደረገ ግምገማ

ያማሃ ኤጂ 100 በገጠር ወረዳ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሞተር ሳይክል ናት። 97 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ ያላት፣ በእግር ተመትታ የምትነሣ፣ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ሳይሆን ከራሱ ታንክ በፓምፕ የምትወስድ ቀላል ማሽን ናት። እኔ የምነዳት በጨረታ የተገዛችና ብዙ እጅ የተፈራረቀባት ስትሆን፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቾኳ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበው) ካልተሳበ አልሠራ አለች፤ ሚኒሞዋ (ጋዝ ሳይሰጥ የምትሠራበት ዝቅተኛ ዙር) እየጠፋ መንታ መንገድ ላይ በቆምኩ ቁጥር ትሞት ጀመር፤ ሌሊት የምታድርበት ክፍልም የቤንዚን ሽታ አይለየውም ነበር። መካኒክ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወስጄ ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ ወደ ነበረችበት ስለተመለሰች፣ ነገሩን ቤት ውስጥ ራሴ ለመሥራት ወሰንሁና ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሦስት ዕቃዎችን አስመጣሁ፤ እነርሱም የካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው አካል) ማደሻ ስብስብ፣ አንድ ጣሳ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እና በዘይት የሚሠራ የስፖንጅ አየር ማጣሪያ ናቸው። ከዚህ በታች የማቀርበው ግምገማ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ፒስታ መንገዶች ላይ አራት ወር ከተሠራባቸው በኋላ የተጻፈ ነው።

በማደሻው ስብስብ ልጀምር። በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ፣ የአምራች ስም የሌለው፣ «ለኤጂ 100» የሚል ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት ዕቃ ነው። ውስጡ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ጽዋ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ልዩ ልዩ የጎማ ቀለበቶች፣ የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው መርፌና መቀመጫው፣ ትልቁና ትንሹ ጂግለር (ቤንዚን በልኩ የሚያሳልፉ ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎኖች)፣ ከስሮትሉ (ከጋዝ መስጫው) ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ረጅም መርፌ እንዲሁም የአየር ብሎን ከነምንጩ አሉ። ዋጋው መካኒኩ ለሁለት ጊዜ ሥራ ካስከፈለኝ ያነሰ ስለሆነ፣ ስገዛው ብዙም አልጠበቅሁም ነበር፤ በአንድ በኩል ግን ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል።

ያ በኩል የቤንዚን መግቢያው መርፌና መቀመጫው ነው። አሮጌውን መርፌ አውጥቼ በፀሐይ ብርሃን ስመለከተው ጫፉ ላይ ዙሪያውን የተቆረጠ የሚመስል መስመር ነበረበት፤ ይህ መስመር መርፌው ለዓመታት በመቀመጫው ላይ እየተመታ የፈጠረው መበላት ነው። ጋለጃንቱ (በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ) ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፍፎ መርፌውን ወደ ላይ ቢገፋም ጫፉ ስለማይገጥም ቤንዚኑ አይቆምም፤ በትርፍ መውረጃው ቱቦ ይንጠባጠባል፤ የታንኩ ቧንቧ ተከፍቶ ካደረም ወደ ሞተሩ ሆድ ሳይቀር ሊገባ ይችላል። ክፍሉ የሚሸትተውም ለዚህ ነበር። አዲሱን ከገጠምሁ በኋላ ካርቡሬተሩን ገልብጬ በቤንዚን መግቢያው በአፌ ብነፋ አንድም ትንፋሽ አላለፈም፤ ወደ ቀና ቦታው ስመልሰው ግን ያለችግር አለፈ። ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ የማይጠይቅና ሁሉም ሰው ሊያደርገው የሚችል ስለሆነ፣ ካርቡሬተሩን ከመግጠማችሁ በፊት እንዳትዘሉት እመክራለሁ። ጓርኒሲዮኑም በልክ የተቆረጠ ነው፤ ከጎማ ቀለበቶቹ መካከል አንዷ ብቻ ስለወፈረች አሮጌዋን መልሻለሁ።

የጂግለሮቹ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በአሮጌው ትልቅ ጂግለር ላይ ጥርት ያለ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት ስለሚያመለክት ከፍ ባለ ቁጥር የሚያልፈው ቤንዚን ይበዛል። በስብስቡ ውስጥ በመጣው ላይ ግን ምንም ቁጥር አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ወደ መስኮት ስመለከት የአዲሱ ቀዳዳ በዓይን በሚታይ መጠን ይሰፋል፤ ጠርዙም ያልተላገ ነው። በሙከራ ልግጠመው ብዬ ገጥሜው ነበር። ሞተሯ ዳገት ላይ እያጉረመረመች፣ ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ እየወፈረ፣ ካንዴላዋም በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ከሰል ጠቁራ ተገኘች። አሮጌውን አጽድቼ ስመልስ ነገሩ ተስተካከለ። ስለዚህ ይህን ስብስብ ለሚገዛ ሰው የምለው ግልጽ ነው፦ መርፌውን፣ መቀመጫውንና ጓርኒሲዮኑን ተጠቀሙበት፤ ጂግለሮቹን ግን አሮጌዎቹ ካልጠፉ ወይም ካልተበላሹ በስተቀር አትንኩ።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያ ሰፊ ጂግለር በሌላ አገር ያን ያህል ላያስቸግር ይችል ነበር። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት ዐውቆ ቤንዚኑን የሚቀንስ አካል የለውም፤ የሚያልፍበትን ቤንዚን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነውና ደጋ ላይ ድብልቁ በራሱ ይወፍራል፤ ማለትም ለአየሩ ቤንዚኑ ይበዛል። ይህን ለማስተካከል አንዳንዶች ወዲያው ወደ ትንሽ ጂግለር ይሮጣሉ። እኔ ግን አልደግፈውም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ድብልቁ ሲሳሳ ይሞቃል፣ ፒስተኑም ሊነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ) ይችላል፤ ለደጋው የቀጠነ ካርቡሬተር ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ እዚያ ታች ባለው ወፍራምና ሞቃት አየር ውስጥ ይበልጥ ይሳሳል። በሚኒሞ ላይ ያለችውን ትንሽ ውፍረት በአየር ብሎኑ ማስተካከል ይበቃል፤ ብሎኑን በቀስታ እስኪቆም ካጠበቃችሁ በኋላ አንድ ዙር ተኩል ያህል አላሉትና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከዚያ ግራና ቀኝ በሩብ ዙር እየሞከራችሁ ድምፁ የሚረጋጋበትን ቦታ ፈልጉ። በዚህች ሞተር ላይ ብሎኑ ሲላላ አየር እንደሚጨምር አስታውሱ፤ በሌሎች ካርቡሬተሮች ላይ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

የስፕሬዩ ማጽጃ ሥራውን ያውቃል። ቤንዚን ቆሞ ሲተን የሚተወውን ቡናማ ሙጫ መሰል ነገር ከትንሹ ጂግለር ውስጥ አንድ ሌሊት በነጭ ጋዝ ዘፍዝፌ ያልለቀቀኝን በደቂቃዎች ውስጥ ለቆታል። ሚኒሞዋ የሚጠፋው ይህች ቀዳዳ በመደፈኗ ነበር። ሆኖም ስፕሬዩ ጎማን ያሳብጣልና ከመርጨታችሁ በፊት ማንኛውንም ቀለበት ማውጣት ግዴታ ነው፤ ዓይንንም መሸፈን ያስፈልጋል፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው በሌላው ተመልሶ ፊት ላይ ይረጫልና። ሽቦ ወይም መርፌ አስገብቶ መጎርጎር የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ናስ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። ጎማ ቤት ባለው ኮምፕሬሰር ማስነፋት የተሻለ ነው።

ከሦስቱ ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡን እጅግ የካሰልኝ የስፖንጅ ማጣሪያው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የመጨረሻ አድርጎ ያየዋል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ የሚገባው አየር በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይሄድም፤ አስቀድሞ በሞተሩ ሆድ ያልፋል። ስለዚህ በማጣሪያው ያመለጠ አቧራ ፒስተኑንና ፋሻውን ብቻ ሳይሆን የክራንኩን ኩሽኔታና ማኅተሞች ጭምር ይፈጫል። እኔ የነበረኝ አሮጌው ስፖንጅ በእጄ ስይዘው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ፍርፋሪው የት እንደሄደ ማሰብ አልፈልግም። አዲሱ ባለ ሁለት ድርብ ነው፦ ውጫዊው ሻካራ፣ ውስጠኛው ደቃቅ ቀዳዳ ያለው። በሣጥኑ ውስጥ በልኩ ተቀምጧል፤ ጠርዙም ክፍተት አይተውም። ስፖንጅ ያለ ዘይት አሸዋ ይይዝ እንደሆነ እንጂ እንደ ዱቄት የደቀቀውን የበጋ አቧራ አይይዝም፤ የሚይዘው ተጣባቂው ዘይት ነው። ማጣሪያውን በቤንዚን ማጠብ ለእሳትም ያጋልጣል፣ ድርቦቹን ያጣበቀውን ማስቲሽም ያላቅቃል፤ በነጭ ጋዝ አጥቦ በሳሙና ውሃ ማለቅለቅ፣ ሳይጠመዝዙ በመዳፍ መካከል መጭመቅ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይገባል። ከዚያ የማጣሪያ ዘይት፣ እርሱ ከሌለ የሞተር ዘይት አፍስሶ እስኪዳረስ ማሸትና ትርፉን ጨምቆ ማውጣት ነው። ዘይቱ ከበዛ አየሩ ይታፈናል፤ ሞተሯም ልክ ሰፊው ጂግለር እንደተገጠመላት ትሆናለች። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አጥበዋለሁ፤ እስካሁን አልተቀደደም፣ አልተላቀቀምም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ስብስቡ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማም ሆነ ከኋላው ያለውን ሪድ ቫልቭ (አየሩን ወደ ሞተሩ ብቻ የሚያሳልፍ ባለ ቅጠል በር) አይጨምርም፤ እነዚህ ደግሞ ከካርቡሬተሩ እኩል መታየት ያለባቸው ናቸው። ጎማው ከተሰነጠቀ ያልተጣራና ያልተለካ አየር ስለሚገባ፣ ካርቡሬተሩን ምንም ያህል ብታጸዱት ሚኒሞው አይቆምም። እኔ ሞተሯ እየሠራች ዙሪያውን ትንሽ ውሃ ረጭቼ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በመፈለግ ስንጥቁን አግኝቻለሁ። በስፕሬዩ የሚፈትኑ ብዙዎች ናቸው፤ ከጋለ ማርሚታ አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር መርጨትን ግን አልመክርም። የሪዱ ቅጠሎች ወደ ብርሃን ሲያዙ በጠርዛቸው ክፍተት ካላሳዩና ጫፋቸው ካልተሸረፈ ደኅና ናቸው።

የቤንዚን ማጣሪያም በስብስቡ ውስጥ የለም። የታንኩ ቧንቧ ውስጥ ያለው ወንፊት ደለሉን ቢይዝም፣ ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የሚቀዳ ሰው በቱቦው መካከል ርካሽ የሆነውንና ውስጡ የሚታየውን ማጣሪያ ቢጨምር ውሃና ቆሻሻውን በዓይኑ ያያል። ከሳምንት በላይ የማልነዳት ከሆነ ቧንቧውን ዘግቼ ሞተሯ ራሷ እስክትጠፋ አሠራታለሁ፤ በጽዋው ውስጥ የሚተን ቤንዚን ከሌለ ትንሹን ጂግለር የሚደፍን ሙጫም አይኖርም።

አሁን ሞተሯ በሁለተኛው የእግር ምት ትነሣለች፤ ቾኩን ከአንድ ደቂቃ በላይ አልስበውም፤ ክፍሉም አይሸትትም። ቁጥር የሌላቸው ሁለቱ ጂግለሮች ግን በመጡበት ከረጢት ውስጥ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።