የራሳችሁን ዴክ እየሞከራችሁ መጫወት ከፈለጋችሁ የትኛው ካርድ ጌም ያዋጣል?

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም «ካርድ ጌም ልጀምር ነው፣ ግን የሰው ዴክ ኮፒ አድርጌ መጫወት አልፈልግም፣ የራሴን እየሰራሁ እያፈረስኩ ነው መጫወት የምፈልገው፣ የቱ ላይ ነው ብሬን ላውጣ?» አለኝ። (ዴክ ማለት ተጫዋቹ መርጦ ይዞት የሚገባው የካርድ ስብስብ ነው።) እኔም እንደ ልማዴ የ10 ደቂቃ ቮይስ ላኩለት፣ እሱም እንደ ልማዱ አልሰማውም። «ጻፍልኝ በቃ» አለ። ይሄው ጻፍኩ፣ እግረ መንገዴን ሌላም ሰው ከጠቀመ ብዬ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ሰው ጌም ሲያወዳድር ሁሌ የሚጠይቀው «አሸናፊ ዴክ ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ኮፒ ለሚያደርግ ሰው ልክ ነው፣ አንዴ ይከፍላል፣ ይጫወታል። እንደ እኔ ከሚሰራቸው 10 ዴኮች 8ቱ ለሰው የማይታዩ ለሆነበት ሰው ግን ጥያቄው «ስሳሳት ስንት ያስከፍለኛል?» ነው መሆን ያለበት። ሁሉንም ጌም የማወዳድረው በዚች ሚዛን ነው፣ ግራፊክሱ ያምራል አያምርም ምናምን ውስጥ አልገባም።

ከወረቀቱ ማጂክ ልጀምር፣ ማለትም ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ፣ ከ1993 ጀምሮ ያለው የሁሉም አያት። ዴኩ ቢያንስ 60 ካርድ ነው፣ ከአንድ ካርድ እስከ 4 ማስገባት ይቻላል። ላንድ የሚባለው ካርድ ሌሎቹን ለመጫወት የሚከፈለውን ጉልበት፣ ማለትም ማና፣ የሚሰጥ ነው፣ ቤዚክ የሚባለው ላንድ ብቻ ገደብ የለውም። ለሞካሪ ሰው ገነት የሚያደርገው የካርዱ ብዛት ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ሲታተም ስለኖረ ማንም የረሳው የሳንቲም ካርድ አንስታችሁ ዴክ ትሰሩበታላችሁ። ለምሳሌ ትሬዠር ሀንት የሚባል በ2010 የወጣ ተራ ካርድ አለ፣ ሁለት ማና ነው ዋጋው። ስትጫወቱት ከዴካችሁ አናት ላይ ላንድ ያልሆነ ካርድ እስኪመጣ ድረስ እየገለጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ የተገለጠው በሙሉ እጃችሁ ይገባል። ኖርማል ዴክ ውስጥ በአማካይ ከሁለት ካርድ በታች ነው የሚሰጣችሁ። ግን ዴኩ ከ60ው 52ቱ ላንድ ቢሆንስ? (ሀሳቡ የኔ አይደለም፣ ብዙ እብድ ሞክሮታል።) ያኔ አንዱ ትሬዠር ሀንት በአማካይ 7 እና 8 ካርድ ይዞላችሁ ይመጣል። እሱን 4፣ ሁለት ካርድ በጣላችሁ ቁጥር አንድ ዞምቢ የሚሰጣችሁን ዞምቢ ኢንፌስቴሽን 4፣ ሌላው በሙሉ ላንድ፣ እጃችሁ ከ7 ካርድ በላይ መያዝ እንዲችል ደሞ ሬሊኳሪ ታወር ከላንዶቹ መሀል ጣል ጣል።

ይሄን ዴክ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ሞከርኩት። ካርዶቹን አልገዛኋቸውም፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፌ ስሊቭ (የካርድ ላስቲክ ሽፋን) ውስጥ ከተራ ካርታ ፊት ሰካኋቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ ጉድ ነው፣ ጠረጴዛው ዞምቢ በዞምቢ ሆነ፣ ጓደኛዬ ቡናውን ሳይጨርስ ተሸነፈ። ከዛ ቀጥሎ ሶስት ጨዋታ በተከታታይ ላንድ ታቅፌ ቁጭ። በኋላ ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ነው፣ 4 ኮፒ ያለው ካርድ ከመጀመሪያው 7 ካርድ ውስጥ የመገኘቱ እድል 40 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ጨዋታውን የምትከፍቱት እናንተ ሆናችሁ አራተኛ ተራችሁ ላይ ስትደርሱ እንኳን ገና 53 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ማለትም ግማሽ ለሚጠጋው ጨዋታ ዴኩ ምንም አይሰራም። ማስተካከያው የመጣልኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እንደ ሎንሊ ሳንድባር እና ባረን ሙር ያሉ ላንዶች አሉ፣ አንድ ማና ከፍላችሁ ከእጃችሁ ትጥሏቸውና በምትኩ ሌላ ካርድ ትስባላችሁ። ዋናው ነገር እነዚህ ራሳቸው ላንድ ናቸው፣ ስለዚ ትሬዠር ሀንት ሲገልጣቸው አይቆምባቸውም! 8 ተራ ላንድ አውጥቼ እነሱን ከተትኩ፣ ዴኩ ትንሽ ነፍስ ዘራ። አሁንም ቁምነገረኛ ዴክን አያሸንፍም ግን ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ጊዜ ቀነሰ። ካርዶቹን የገዛሁት ከዛ በኋላ ነው፣ ሂሳቡም ከአንድ ምሳ አልበለጠም።

እና የወረቀት ማጂክ የስህተት ዋጋ በወረቀት ከሞከራችሁ ዜሮ፣ ከገዛችሁ ደሞ ከፊሉ በሽያጭ ይመለሳል። የማጂክ አሳታሚ ድርጅት ራሱ ለግል መሞከሪያ የተሰራ ወረቀት ላይ ችግር የለበትም፣ ኦፊሻል ውድድር ላይ ግን ኦሪጅናል ካርድ ግድ ነው። ውድድር ውስጥ መግባት ካማራችሁ ኪሳችሁን አስቡበት፣ ሞደርን የሚባለው ፎርማት (የውድድር ዓይነት) ውስጥ አንድ ደህና ዴክ በመቶዎች ዶላር ነው። ሌላ ምክር፣ ፓክ፣ ማለትም ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የካርድ እሽግ፣ አትግዙ። 5 ዶላር አካባቢ ከፍላችሁ የማትፈልጉትን ካርድ ትሰበስባላችሁ፣ የምትፈልጉትን ካርድ በነጠላ ግዙ፣ ፓክ መግዛት ቁማር ነው በቃ።

ሱቅ ስትሄዱ ግን ሁሉም «ኮማንደር ጀምር» ይላችኋል። እሱም የማጂክ ሌላ አጨዋወት ነው፣ 100 ካርድ፣ ከቤዚክ ላንድ በቀር ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሰው። ጨዋታው ደስ ይላል፣ ጠረጴዛውም ሞኝ ዴክ ይታገሳል። ለሙከራ ግን አልወደውም፣ አንድ የተወሰነ ካርድ መጀመሪያ እጃችሁ ላይ የመገኘቱ እድል 7 ፐርሰንት ስለሆነ አዲስ የጨመራችሁት ካርድ ይጥቀም ይጉዳ ሳታውቁ ወር ያልፋል።

ወደ ስልክ እንምጣ። ማጂክ አሪና ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም አለ፣ የቀን ኩዌስታችሁን ሰርታችሁ 4 ጊዜ ካሸነፋችሁ አንድ ፓክ የሚገዛ 1000 ጎልድ አካባቢ ታገኛላችሁ። ችግሩ ዋይልድካርድ የሚሉት ነገር ነው። የምትፈልጉትን ካርድ በዋይልድካርድ ታወጣላችሁ፣ ካወጣችሁት በኋላ ግን መመለስ ብሎ ነገር የለም፣ አይፈርስም፣ አይሸጥም። ካርዱ ኮሌክሽናችሁ ውስጥ ይቀራል እርግጥ፣ ያ ሀሳብ ከከሸፈ ግን ሬር፣ ማለትም ብርቅ ለሆነ ካርድ የሚሆነው፣ ዋይልድካርድ ሄደ። እኔ አንዴ ለሁለት ከለር ዴክ (የማጂክ ካርዶች በከለር ይከፈላሉ) 8 ሬር ዋይልድካርድ ላንድ ላይ ብቻ ጨርሼ ዋናዎቹን ካርዶች ማውጫ አጥቼ ቀርቻለሁ፣ ሀሳቡን ሳልሞክረው ማለት ነው። ከዛ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጀማሪ ሞካሪ በአንድ ከለር ይስራ፣ ቤዚክ ላንድ ነፃ ነው። ሁለተኛ ከአንድ ከለር ካለፋችሁ ደሞ፣ ያኔ እኔን ቢያስቆመኝም፣ መጀመሪያ ዋይልድካርዳችሁን ላንድ ላይ አውሉት፣ ምክንያቱም ላንዱ ቀጣዩ ዴክ ውስጥም ይገባል፣ የከሸፈው ድራጎን ግን የትም አይገባም። አዳዲስ ካርዶች ብቻ በሚፈቀዱበት በስታንዳርድ ፎርማት ውስጥ ካርድ 3 ዓመት አካባቢ ይቆያል፣ እሱንም አስቡበት።

ኸርዝስቶን የተለየ ነው። 30 ካርድ፣ ከእያንዳንዱ 2፣ ሌጀንደሪ (ከሁሉም ብርቁ ደረጃ) ከሆነ 1። የማትፈልጉትን ካርድ ወደ ደስት ትቀይሩታላችሁ፣ በደስቱ የምትፈልጉትን ትሰራላችሁ። ይሄ ለሞካሪ የሚመች ይመስላል እስኪ ሂሳቡን እዩት፦ ሌጀንደሪ ለመስራት 1600 ደስት፣ ስታፈርሱት የሚመለስላችሁ 400። ማለትም አንድ ስህተት ሶስት አራተኛውን ይበላል። ተራ ካርድ ላይ ይብሳል፣ በ40 ሰርታችሁ በ5 ነው የምታፈርሱት። አንድ ማምለጫ አለ፣ ካርድ ሲዳከም፣ ነርፍ ሲደረግ ማለቴ ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ ደስቱ ይመለሳል፣ ስለዚ ሁሉም ሰው «ይሄ ካርድ ከልክ በላይ ነው» እያለ የሚያማርርበትን ካርድ መስራት ያን ያህል አያስፈራም። ኮር የሚባለው የመነሻ ካርዶች ስብስብ ነፃ ነው፣ ጨዋታው አጭር ነው፣ ዴኩም ትንሽ ስለሆነ ሙከራችሁ ይሰራ አይሰራ ቶሎ ይታያል። ግን ያው፣ 11 ክላስ (የገጸ ባህሪ ዓይነት) አለ፣ ለአንዱ ክላስ የሰራችሁት ካርድ ለሌላው ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ዩጊዮ ማስተር ዱዌል ደሞ በ2022 የወጣ፣ ነፃ፣ ስታንዳርድ እንደሚባለው ካርድ ጊዜው አልፎበት የሚወጣበት ስርዓት የለውም፣ ያለው የታገዱና የተገደቡ ካርዶች ሊስት ነው። ካርድ ማፍረስ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ መስራት 30 ይፈጃል፣ በዛው የሬርነት ደረጃ። አንድ አልትራ ሬር (ከፍተኛው ደረጃ) ለመስራት 3 አልትራ ሬር ማፍረስ ማለት ነው፣ ሶስት ኮፒ ከፈለጋችሁ 9። ስትራክቸር ዴክ ከሚባለው ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ዴክ የመጣ ካርድ ደሞ አይፈርስም። ከኸርዝስቶን ሌጀንደሪ ትንሽ ይሻላል በሂሳብ። ደስ የሚለው 40 ካርድ ውስጥ 3 ኮፒ ስለሚፈቀድ ከመጀመሪያው 5 ካርድ ውስጥ የምትፈልጉት ካርድ የመገኘቱ እድል 34 ፐርሰንት ይደርሳል፣ ወደ 60 ካርድ ካሰፋችሁት ግን 23 ነው፣ ስለዚ «ሁሉንም ልክተት» የሚል ስግብግብነት እዚህ ወዲያው ያስቀጣል። የማይመቸኝ ካርዶቹ በዘር በማንዘር መሆናቸው ነው፣ አንዱ ካርድ የራሱን ቤተሰብ ስም እየጠራ ነው የሚሰራው፣ ከዚህም ከዛም ለቃቅሞ ለሚሰራ ሰው በሩ ጠባብ ነው። እና ደሞ ባላንጣችሁ ኮምቦውን (ተራ በተራ የሚያያይዛቸውን ካርዶች) እስኪጨርስ ሻይ አፍልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ አልቀለድኩም።

ፖኪሞን ቲሲጂ ላይቭ ላይ ብዙ የምለው የለም። ስትጀምሩ የተዘጋጁ ሙሉ ዴኮች ይሰጣችኋል፣ ከወረቀት ፓክ ውስጥ የሚወጣውን ኮድ ታስገባላችሁ፣ ለልጅ ቆንጆ ነው። ፖኬት የሚባለው 20 ካርድ ብቻ ነው ዴኩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጥሩ ነው፣ ለዴክ መስራት ግን ቶሎ ያልቅባችኋል።

አሁን የአክስቴ ልጅ ቮይሱን ቢሰማው ኖሮ የሚያውቀው ጉዳይ ላይ ደረስን። ኔትረነር። ማጂክን የሰራው ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1996 የሰራው ጌም ነው፣ በ2012 በሌላ ድርጅት እንደ አዲስ ወጣ፣ በ2018 ቆመ፣ ከዛ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሰባስበው አስቀጠሉት፣ አሁን ነል ሲግናል ጌምስ ይባላሉ። እዚህ ጌም ውስጥ በዘፈቀደ የሚታሸግ ፓክ የለም፣ የካርድ ስብስቡን አንዴ ስትገዙ ካርዱ ከነኮፒው ሙሉ ነው። ካልገዛችሁም ፒዲኤፉን በነፃ አውርዳችሁ ማተም ትችላላችሁ፣ ጂንቴኪ በሚባለው ድረገጽ ላይ ደሞ በብራውዘር ሁሉንም ካርድ ይዛችሁ ከሰው ጋር በነፃ መጫወት ይቻላል። የስህተት ዋጋው ጊዜያችሁ ብቻ ነው። አንዱ ካምፓኒ ሆኖ ሰርቨሩን ይጠብቃል፣ ሌላው ሀከር ሆኖ ይሰብራል፣ ስለዚ ሁለት ዴክ ነው የምትሰሩት። የካምፓኒው ዴክ ላይ ያለች አንዲት ህግ ብቻዋን ስንት ማታ አስመሽታኛለች፦ 45 ካርድ ከሆነ 20 ወይ 21 የአጀንዳ ነጥብ (አጀንዳ የካምፓኒው ሚስጥራዊ እቅድ የሆነ ካርድ ነው) ማስገባት ግድ ነው፣ እነሱን ነጥቦች ሀከሩ ይሰርቃቸዋል፣ 7 የሰረቀ ያሸንፋል። ማለትም የሚያሸንፋችሁን ነገር ራሳችሁ ዴካችሁ ውስጥ እየከተታችሁ ነው! ጉዳቱ ቃላቱ ከባድ ናቸው፣ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ተጫዋቹም እንደ ማጂክ በየሱቁ አይገኝም።

ማጂክን የሙጥኝ ያላችሁ ደሞ ፎርጅ የሚባል ፈቃደኞች የሰሩት ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኦፊሻል አይደለም፣ አንድሮይድ ላይም ይሰራል፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታችኋል። ኮምፒውተሩ ጎበዝ አይደለም፣ እሱን ደበደብኩት ብላችሁ ዴኬ ሰራ እንዳትሉ። የዴክ ሊስት ለመያዝና እጅ ስቦ ለማየት ሞክስፊልድ በቂ ነው፣ ነፃ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ 10 ጨዋታ ተጫውታችሁ 7 ስላሸነፋችሁ ዴኩ አሪፍ ነው ማለት አይደለም። ሳንቲም ወርውራችሁ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብትሉ ከ10 ውርወራ 7 ወይ ከዛ በላይ ዘውድ የመምጣቱ እድል 17 ፐርሰንት ነው፣ ማለትም ምንም የማይለይ ዴክም እንደዛ ያሸንፋል። እኔ አሁን ውጤቱን ሳይሆን በየጨዋታው «እጄ ላይ ሞቶ የቀረው ካርድ የቱ ነው» የሚለውን ነው የምጽፈው፣ 5 ጊዜ ስሙ የተጻፈ ካርድ ይወጣል። አንዴ የምቀይረውም አንድ ነገር ብቻ ነው።

ስለዚ መልሴ፦ አዲስ አበባ ሆኖ ዶላር ሳያወጣ እንደ ልቡ መሞከር ለሚፈልግ መጀመሪያ ኔትረነር፣ እሱ ከከበደው ፎርጅ። አጠገቡ ካርድ ሱቅና ተጫዋች ላለው የወረቀት ማጂክ፣ ግን በብጣሽ ወረቀት ጀምሮ። ስልክ ላይ ብቻ ለሚጫወት ማስተር ዱዌልን ከአሪና አስቀድማለሁ፣ ትንሽም ቢሆን ነጥብ ስለሚመልስ። ኸርዝስቶን ለጨዋታው እንጂ ለሙከራው አልመክርም።

ልጁ ታዲያ የኔትረነሩን ፒዲኤፍ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በማግስቱ ፎቶ ላከልኝ፣ ካርዶቹ የክብሪት ሳጥን ያክላሉ። ገጹን አሳንሶ እንዲያትም ሆኖ ነበር ማሽኑ። 100 ፐርሰንት ብላችሁ ነው የምታሳትሙት፣ ካርዱ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ኤ4 ላይ 9 ይገባል፣ ተራ ካርታም በዛው ልክ ስለሆነ ከስሊቩ ኋላ እሱን ትሰካላችሁ። አንድ እሽግ ካርታ ከነጆከሩ 54 ነው፣ እሱ ለሁለቱ ዴክ ሁለት እሽግ ገዝቶ የቀረውን ኮንከር ይጫወትበታል።