ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ማሰፋት፦ ሸማው ግሩም ነው፣ አቆራረጡ ግን ክትትል ይፈልጋል

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የሐበሻ ቀሚስ ልታሰፉ ካሰባችሁ ሽሮ ሜዳ መሄዳችሁ ትክክል ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ፈትል፣ የጥበቡ ቀለም፣ የጥልፉ ጥራት፣ የመኪና ስፌቱ ንጽሕና፣ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። የምቀንሰው አቆራረጡ ላይ ነው።

ካየኋቸው ሱቆች ብዙዎቹ የሚወስዱት ትከሻ፣ ጡት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት ብቻ ነው። ዙሪያውን ለአራት አካፍለው በቀጥታ ጨርቁ ላይ በጠመኔ አስምረው ይቆርጣሉ፤ ፊቱም ጀርባውም እኩል ይሆናል። ቀጠን ያለች ልጅ ትለብሰዋለች። ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ላይ ግን የፊቱ ጨርቅ ጡት ላይ ያልቅና የቀሚሱ ጫፍ ከፊት ከፍ ይላል፤ ከብብት ወደ ጡትም ሰያፍ ሽብሽብ ይወጣል። ያኔ ሰፊው ጎኑን ይለቅላችኋል። ወገቡ ይንዘላዘላል እንጂ ሽብሽቡ አይጠፋም፤ የጎደለው ቁመትና ዳርት (ጨርቁ ጡት ላይ እንዲሞላ ታጥፎ የሚሰፋው ሾጣጣ እጥፋት) ነዋ!

ስለዚህ ልክ አስጨምሩ፦ ከአንገት ጎን በጡት ላይ አልፎ እስከ ወገብ፣ ከዚያው ነጥብ በጀርባ በኩል እስከ ወገብ፣ ከአንገት ጎን እስከ ጡት ጫፍ፣ በሁለቱ ጡት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት፣ የጀርባ ስፋት። የፊቱ ቁመት ከጀርባው በበለጠ ቁጥር ዳርቱም ይሰፋል። ዳርቱ ከጡት ጫፍ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ቀርቶት ይቁም፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ ይሾላል። ጥበቡ መሀል ደረት ላይ የሚወርድ ከሆነ ዳርቱ ከጎን ስፌት ይነሣ፤ ጥበቡን ካቋረጠው ንድፉ ይሰበራል፣ ወፍራም ስለሆነም አይተኛም።

«ብብቱን አስፉልኝ» አትበሉ። ብብቱ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ክንድ ሲነሣ ቀሚሱ አብሮ ይነሣል፤ እስክስታ ላይ ደግሞ ጉዱ ይወጣል። ብብቱ ወደ አካል ጠጋ ብሎ፣ የእጅጌው አናት ከብብቱ ዙሪያ 2 ሳ.ሜ. ያህል በልጦ ሲገባ ትከሻ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። ጡት ላይ ከ6 እስከ 8፣ ወገብ ላይ 4፣ ዳሌ ላይ 5 ሳ.ሜ. ከሰውነት ልክ በላይ ልቅነት በቂ ነው። ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ እንዳይጠብ ተቆጣጠሩ፤ ከጠበበ ስፌቱን የሚጎትተው እሱ ነው።

ሌላው ውኃ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ 130 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ቀሚስ 4 በመቶ ቢሰበሰብ ከ5 ሳ.ሜ. በላይ አጠረ ማለት ነው። የጥበቡ ክር ደግሞ ከጥጡ እኩል አይሰበሰብም፣ ዳሩ ይጨማደዳል። ሸማውን ገዝታችሁ ቤት ውሰዱ፤ ቀለሙ እንደማይለቅ ጫፉ ላይ ሞክራችሁ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ በካውያ አስተኙት፤ ከዚያ ይቆረጥ። ፈትሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክሩ ቶሎ ይተረተራል፤ ጎንና ጎኑ 3 ሳ.ሜ. ትርፍ ይቀመጥለት፣ ጠርዙም እንደተቆረጠ ኦቨርሎክ ይግባ። ያ ትርፍ በኋላ ኪሎ ብትጨምሩ ለማስለቀቅም ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአቡጀዲ ሙከራ ነው። ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ገዝታችሁ «ጋሼ፣ የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ በዚህ ይስፉልኝ» በሉ። አንዳንዱ ሰፊ ቅር ይለው ይሆናል፤ የድካሙን ጨምራችሁ ክፈሉ። ለብሳችሁ ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ክንድ አንሡ፣ ትከሻ ምቱ። የሚታረመው እዚያው አቡጀዲው ላይ በጠመኔ ይታረማል፣ ከዚያ የታረመው ቅርጽ የመቁረጫ ናሙና እንዲሆን ወደ ካርቶን ይገለበጣል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሸማውን በገባችሁበት ሳምንት ግዙ፤ መመለሻችሁ ሲደርስ አትጀምሩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ከበዓል በፊት ያሉት ሳምንታት ለሙከራ አይመቹም፤ ሰፊው ሥራ ተደራርቦበት ልክ መውሰዱንም ያቻኩለዋል።

ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ አትተዉት። ቀኑንና ልካችሁን ጽፋችሁበት አገር ቤት ላለች እህት ወይም አክስት ስጡ፤ የሚቀጥለው ቀሚስ እናንተ ሳትመጡም በዚያው ይቆረጣል።